ሞተሩ ለተቀየረ መኪና ሁሉ የሬስ ሸራ አይታዘዝም

ሰሞኑን ሞዲፋይ የተደረገ መኪና በየቀኑ ለሚነዱ ሰዎች ስለ ፍሬን ሸራ አመራረጥ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። እኔም ዘንድ ደርሶ አነበብኩት። ሐሳቡ ባጭሩ ይሄ ነው፦ ሞተር የቀየረ ወይም ትልቅ ጎማ ያሰረ ሰው የፋብሪካው ሸራ አያቆመውም። የሬስ (ለውድድር የተሠራ) ሸራ ያስገባ፤ ከፊት ብቻ ይበቃዋል። የሬስ ካላገኘ ሴራሚክ ይግዛ፤ ሴራሚክ ሙቀት አይፈራም። ፍሬን ሲይዝ መሪው ከተንቀጠቀጠ ዲስኩ ተጣሟልና በተበሳሳ ዲስክ ይቀይረው። ፔዳሉ ከላላ ጥፋቱ የሸራው ነው። ቦሎ ካለፈ ፍሬኑ ጤነኛ ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ ጥሩ ሸራ ያለው ሰው ረጅም ቁልቁለት በፍሪ፣ ማለትም ማርሽ ነፃ አድርጎ፣ ወርዶ ነዳጅ መቆጠብ ይችላል ይላል።

ጸሐፊው መኪና የሚወድ ሰው እንደሆነ ያስታውቃል። ስለ ፍሬን መጻፉም ጥሩ ነው። ብዙ ሰው ለሞተር፣ ለማርሚታና ለቸርኬ ያለ የሌለ ገንዘቡን ያፈስና ፍሬን ላይ ሲደርስ ርካሹን ይጠይቃል። ግን ምክሩ ለውድድር ሜዳ እንጂ ጠዋት ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ ሥራ ለሚገባ መኪና አይሆንም። ከፊሉ ደግሞ ሰው ያስጎዳል። ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ከመጀመሪያው ልነሳ። የሬስ ሸራ ወዲያው የማቆሚያ ርቀትን ያሳጥራል ይላል። አያሳጥርም። መኪናን መጨረሻ ላይ የሚያቆመው ጎማና አስፋልት ነው። ፔዳሉን አጥብቃችሁ ስትረግጡ ኤቢኤስ (ጎማው እንዳይቆልፍ የሚከላከለው ሥርዓት) ከሠራ፣ ወይም ኤቢኤስ የሌለው መኪና ጎማው ቀጥ ብሎ ከተንሸራተተ፣ ሸራው ጎማው ከሚችለው በላይ ኃይል እየሰጠ ነው ማለት ነው። ከዚያ የበለጠ የሚይዝ ሸራ ብታስገቡ ለአንድ ማቆም ምንም አይጨምርም። ገንዘቡን ጥሩ ጎማ ላይ ብታውሉት ይሻላል። የሸራ ልዩነት የሚታየው ደጋግማችሁ ስትይዙ፣ ዲስኩ ሲግል ነው።

ጽሑፉ ጭራሽ ያልነካው ነገር ደግሞ አለ። ሸራው ቀዝቃዛ ሲሆንስ? ብዙዎቹ የሬስ ሸራዎች የተቀመሙት ለብዙ መቶ ዲግሪ ሙቀት ነው። ከተማ ውስጥ በመብራትና በትራፊክ መሃል ስትነዱ ዲስኩ አብዛኛውን ጊዜ 200 ዲግሪም አይደርስ። ኅዳር ላይ ጠዋት 12 ሰዓት ከግቢ ስትወጡ ደግሞ ዲስኩ ከአየሩ እኩል ቀዝቃዛ ነው። ያኔ ነው ሕፃን መንገድ ላይ የሚገባው፣ ሚኒባሱም ሳያሳይ የሚቆመው።

በቁጥር እንየው። የሸራው የመያዝ አቅም 0.40 ሲሆን በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የምትሄድ መኪና በ16 ሜትር ቆመች እንበል። በዚያው የእግር ጉልበት፣ ሸራው ቀዝቅዞ 0.25 ብቻ ከያዘ፣ ያቺው መኪና ለመቆም 26 ሜትር ገደማ ትፈልጋለች። ልዩነቱ ከሁለት መኪና ርዝመት ይበልጣል። እግራችሁን ጨምራችሁ መርገጥ ትችላላችሁ፤ ግን ያን እስክታውቁ መኪናው ሜትሮችን ይበላል።

አንድ ወዳጄ ዲኤክስ ኮሮላ አለችው። የ1.3 ሊትር ሞተሯ ወጥቶ የ1.6 ሊትር ባለ 16 ቫልቭ ፎር ኤጂኢ ገብቶላታል። "ለሬስ የተሠራ ነው" የተባለ ሸራ ከፊት አሰረላት። አንድ ጠዋት አብሬው ስወጣ የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ፔዳሉን ረገጠ። ፔዳሉ ጠንካራ ነው፤ መኪናዋ ግን መሄዷን ቀጠለች። ወገቡን ከወንበሩ አንስቶ ጭኖ ነው ያቆማት። ጥቂት ጊዜ ደጋግሞ ከያዘ በኋላ ደህና ሆነች። ከወራት በኋላ ቸርኬውን ስናወጣ ዲስኩ ላይ ጥፍር የሚይዝ ክብ ክብ ጭረት አየን። ጠርዙም ጣት የሚያስቆም ከንፈር አውጥቷል። ሸራው ግን ገና ብዙ ይቀረው ነበር። በቀዝቃዛ ዲስክ ላይ የሚሠራ የሬስ ሸራ እንዲህ ነው፤ ዲስኩን እየፋቀ ይኖራል። ዛሬ ያቺ መኪና ላይ ለመንገድ የተሠራ ሰሚ ሜታሊክ (ብረት የበዛበት) ሸራ ገብቶ በሰላም እየሄደች ነው።

ለደገኛ ሹፌር ሌላም ምክንያት አለ፤ ይሄን ማንም ሲያነሳው አልሰማሁም። አብዛኛው የቤንዚን መኪና ላይ እግራችሁን የሚያግዘው ቡስተር የሚሠራው በውጭው አየር ግፊትና ሞተሩ በሚስበው አየር መሃል ባለው ልዩነት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በሩብ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ቡስተሩም የሚሰጠው እገዛ ይቀንሳል። በዚያ ላይ ካምሻፍት (የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍተው ዘንግ) ከተቀየረ ሞተሩ በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳይሰጠው ሲሠራ፣ የሚስበው አየር የባሰ ይደክማል። ስሱ አየር ዲስኩንም እንደ ቆላው አያቀዘቅዝለትም። ጅዳ ወይም ዱባይ ያለ ሰው "ምርጥ ነው" ያለው ሸራ እዚህ እግር የሚያደክም ሊሆን የሚችለው ለዚህ ነው። ከፍታው የሞተራችሁንም ጉልበት ይቀንሳል፤ ቁልቁለቱን ግን አይቀንስላችሁም።

"ከፊት ብቻ ይበቃል" የሚለው ቀጥሎ ይመጣል። መነሻው ትክክል ነው። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ የፊቱ ፍሬን ትልቁን ሥራ ይሠራል። ድምዳሜው ነው የተሳሳተው። ፋብሪካው የፊትና የኋላውን ኃይል መዝኖ ነው የሠራው። የፊቱን ብቻ በጣም የሚይዝ ካደረጋችሁት ኤቢኤስ የሌለው መኪና ላይ የፊት ጎማ ቶሎ ይቆልፋል፤ የቆለፈ የፊት ጎማ ደግሞ መሪ አይሰማም። የኋላው የሚችለውን ሳይሠራ ይቀራል። ተገላቢጦሹ የባሰ ነው። የኋላውን ብቻ ያጠነከረ ሰው ዝናብ ባረጠበው አስፋልት ላይ መኪናው ዞሮ ወደመጣበት ያያል። ስለዚህ አራቱም ዲስክ ከሆነ ፊትና ኋላውን ከአንድ ዓይነት ሸራ ቀይሩ። ኋላው ታምቡር ከሆነ መጀመሪያ ታምቡሩን አስከፍቱ። ብዙ አሮጌ መኪና ላይ የኋላው ፍሬን ዘይት ነክቶት ወይም ሳይስተካከል ቆይቶ ለስም ብቻ ነው ያለው። እሱን ሳታስተካክሉ የፊት ሸራ መምረጥ ትርጉም የለውም።

ትልቅ ጎማ ላሰራችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ፒክአፕ ላይ 265/65 ባለ 17 ጎማ አውጥታችሁ 285/70 ባለ 17 ስታስገቡ የጎማው ቁመት ከ776 ሚሊ ሜትር ወደ 831 ገደማ ያድጋል። ፍሬኑ ያው ነው፤ ግን ጎማው ስለረዘመ መንገዱ ላይ የሚደርሰው የማቆም ኃይል በ6 ወይም 7 ከመቶ ይቀንሳል። የጎማው ክብደት ሲጨመርበት ይብሳል። ሞተር ሳትነኩ ፍሬናችሁን አሳንሳችኋል ማለት ነው። እንዲህ ያለ መኪና በእርግጥም ከፋብሪካው አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ሸራ ይገባዋል። የሬስ ግን አይደለም።

ወደ ሴራሚኩ ልምጣ። "ሴራሚክ ሙቀት አይፈራም" የሚለው የመጣው ውድ የስፖርት መኪናዎች ላይ ካለው የካርቦን ሴራሚክ ዲስክ ጋር ከመምታታት ይመስለኛል። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ለመንገድ መኪና የሚሸጠው ሴራሚክ ሸራ ጥሩነቱ ዝምታው፣ ቸርኬ አለማጥቆሩና ዲስክ አለመብላቱ ነው። ለቪትዝ፣ ለከተማ ኮሮላ፣ ቁልቁለት ለማይበዛበት ሰው ምርጥ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ወይም ጭነት ይዞ ሲደጋገም ግን ብዙዎቹ ከጥሩ ሰሚ ሜታሊክ ቀድመው ይደክማሉ። ሰሚ ሜታሊክ በውስጡ ብዙ ብረት ስላለበት ሙቀቱን ይቋቋማል። ትንሽ ይጮኻል፤ አቧራውም ቸርኬውን ያጠቁራል። እኔ ሞዲፋይ ለተደረገ የየቀን መኪና ይሄን እመርጣለሁ። አቧራ ይታጠባል፣ ጩኸት ይለመዳል። ሳይዝ የቀረ ፍሬን ግን አይለመድም።

ጸሐፊው ትክክል የሆነበት ቦታም አለ፤ ምልክት የሌለው ሸራ አትግዙ ብሏል። እስማማለሁ። ምን ምልክት እንደሚታይ ግን አልነገረንም። ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ መለዋወጫ ሱቅ ስትገቡ ካርቶኑን ተዉትና ሸራውን አውጡት። ጠርዙ ወይም ጀርባው ላይ የተጻፈ ረጅም ኮድ ካለ መጨረሻው ላይ ያሉትን ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ፈልጉ። የመጀመሪያው ሸራው ሙቀቱ መካከለኛ ሲሆን ምን ያህል እንደሚይዝ፣ ሁለተኛው ሲግል ምን ያህል እንደሚይዝ ይናገራል። ኢ ማለት ከ0.25 እስከ 0.35፣ ኤፍ ከ0.35 እስከ 0.45፣ ጂ ከ0.45 እስከ 0.55 ነው። ኤፍኤፍ ለአብዛኞቻችን በቂ ነው። ኤፍኢ ካያችሁ ሲግል እየደከመ የሚሄድ ነው፤ ቁልቁለት ለሚበዛበት ሰው አልመክርም። ፊደሉ ስለ ዕድሜም ስለ ጩኸትም አይናገርም፤ ከተፈተነበት ሙቀት በላይ ሲኬድ ምን እንደሚሆንም አይነግራችሁም። ግን ከሻጩ ወሬ ይሻላል። የአውሮፓ ምልክት ያለው፣ ማለትም በክብ ውስጥ ኢ ፊደልና ቁጥር፣ አጠገቡም 90አር የሚል ካገኛችሁ ደግሞ፣ ያ ሸራ ከፋብሪካው ሸራ ጋር ተወዳድሮ ልዩነቱ ከ15 ከመቶ እንዳያልፍ የተፈተነ ነው። የሐሰት ካርቶን ስለሚበዛ ሕትመቱን በደንብ እዩት። ሸራው ከብረቱ ጋር የተጣበቀበት መስመር ላይ ክፍተት ካለ መልሱት።

የሚንቀጠቀጥ መሪ ላይ ጽሑፉ ቸኩሏል። ፍሬን ስትይዙ መሪው ሲንቀጠቀጥ አብዛኛውን ጊዜ የተጣመመ ነገር የለም። ሸራው ዲስኩ ላይ ስስ ንጣፍ ይተዋል፤ ያ ንጣፍ እኩል ካልሆነ አንዱ ቦታ ይይዛል፣ ሌላው ይለቃል። እግራችሁ የሚሰማው ያን ነው። ይሄ ደግሞ የሚመጣው አዲስ ሸራ ሳይላመድ፣ ወይም በጣም ግሎ ሳለ ፔዳል ረግጦ ከመቆም ነው። አዲስ ሸራ ስታስገቡ ማለዳ ትራፊክ የሌለበት መንገድ ላይ ውጡ። ከ60 ገደማ ወደ 15 በመካከለኛ ጉልበት አውርዱ፣ ሙሉ በሙሉ ሳትቆሙ እንደገና አንሱ። እንዲህ ስምንት አስር ጊዜ ድገሙት። ከዚያ ፍሬን ሳትነኩ እየነዳችሁ አቀዝቅዙት። ትንሽ ሽታ ይኖራል፤ አትደንግጡ። ይሄን ሳታደርጉ በአዲስ ሸራ ቁልቁለት መውረድ ግን አይገባም። አዲስ ሸራ መጀመሪያ በደንብ ሲግል ከውስጡ ጋዝ ይለቃል፤ ጋዙም ለጊዜው መያዙን ይቀንሰዋል።

ቶርኖ ቤት ወስዳችሁ ዲስኩን የምታስላጩ ከሆነ ዲስኩ ላይ የተጻፈውን ትንሹን ውፍረት አንብባችሁ አስለኩ። ከዚያ ከሳሳ መላጨት ሳይሆን መቀየር ነው። የሳሳ ዲስክ ሙቀት የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። የተበሳሳ ዲስክም መፍትሔ አይሆንም። ቀዳዳው ያምራል፤ ግን ሙቀት የሚይዘውን ብረት ይቀንሳል፣ በግለት ብዛት ከቀዳዳው ጠርዝ ስንጥቅ ይጀምራል። ለመንገድ መኪና ድፍኑ፣ መሃሉ አየር ማስተላለፊያ ያለው ዲስክ ይበልጣል።

ቦሎው ላይ ብዙ አልቆይም። የፍሬን መፈተሻው ሮለር ጎማውን በዝግታ ለሴኮንዶች ነው የሚያዞረው። ግራና ቀኙ እኩል መያዙን ያሳያል፤ ጠቃሚ ነው። ዲስክና ዘይት ሲግል ምን እንደሚሆን ግን አይነግርም።

ፔዳሉ ከላላ ሸራው ነው ማለቱ ግን ብዙ ሰው ያሳስታል። ሁለቱን ለዩልኝ። ደጋግማችሁ ከያዛችሁ በኋላ ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው ካልቆመ አብዛኛውን ጊዜ ሸራው ግሎ ደክሟል። ፔዳሉ ላልቶ ወደ ወለሉ ከወረደ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዘይቱ ፈልቷል፤ ካልሆነም አየር ገብቷል ወይም የሚያፈስ ቦታ አለ። የፍሬን ዘይት ከጊዜ ብዛት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 እና ዶት 4 የዘይቱ ደረጃዎች ናቸው፤ አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ፣ ዶት 4 እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። ውሃ ሲገባበት ይሄ ትንሹ የመፍያ ወሰን ለዶት 3 ወደ 140፣ ለዶት 4 ወደ 155 ይወርዳል። ሲፈላ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ሲጫኑት ይጨመቃል እንጂ ካሊፐሩን (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጭነውን ዕቃ) አይገፋም። ሰው "ፍሬን በጠሰ" ከሚለው ውስጥ እንዲህ ያለውም አለበት። መኪናው ሲቀዘቅዝ ፔዳሉ ተመልሶ ይጠነክራል፤ መካኒኩም ምንም አላገኘሁም ይላል። በዓለም ውዱን ሸራ ብታስገቡ የአምስት ዓመት ዘይት ላይ ከሆነ ዋጋ የለውም። በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ አስቀይሩ፤ ሲጎድል ብቻ መጨመር መቀየር አይደለም። ከሸራ በጣም ይረክሳል። ሞተር የቀየራችሁ ከሆነ ሸራ ከመግዛታችሁ በፊት ይሄን አድርጉ።

አሁን በጣም ያሳሰበኝ የመጨረሻው ነጥብ ነው፤ በፍሪ መውረድ።

ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ሒሳቡን ሥሩት፦ 1,000 ሜትር የወረደ መኪና ያጠራቀመው ጉልበት፣ ያው መኪና በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄደ 25 ጊዜ ሙሉ በሙሉ ከመቆሙ ጋር እኩል ነው። የመኪናው ክብደት ይሄን ቁጥር አይቀይረውም፤ ቪትዝም ሲኖትራክም ያው ነው። ከዚያ ጉልበት አየሩና ጎማው ትንሹን ይወስዳሉ። የቀረውን ወይ ሞተሩ ይወስደዋል፣ ወይ ሸራው። ማርሽ ነፃ ያደረገ ሰው ሁሉንም ለሸራው ሰጠው። በየኩርባው ሲይዝ፣ ሳይቀዘቅዝ እንደገና ሲይዝ፣ መጀመሪያ ሽታ ይመጣል፣ ቀጥሎ ፔዳሉ ይረዝማል። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድም፣ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወረድም ነገሩ አንድ ነው። ይሄን ሁሉ ሰዓት የሚችል የመንገድ ሸራ አላውቅም። የሬስ ሸራው እንኳ ቢችል ዘይቱ አይችልም።

ነዳጁም አይቆጠብም። ኢንጄክሽን ያለው ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግራችሁን ከነዳጅ ፔዳሉ ስታነሱ ነዳጁን ይዘጋል፤ መኪናው ነው ሞተሩን የሚያዞረው። በፍሪ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ሚኒሞውን ማቃጠል አለበት። ስለዚህ በፍሪ የወረደ ሰው ፍሬኑንም ነዳጁንም ከሰረ። ካርቡሬተር ላለው መኪና ነገሩ ትንሽ ይለያል፤ ያም ቢሆን የሚተርፈው ነዳጅ የአንድ ሰው ሕይወት አያህልም።

ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ አስገቡ፤ አውቶማቲክ ከሆነ ወደ ኤል ወይም ወደ 2 አውርዱት። ፍሬኑን አጥብቃችሁ ይዛችሁ ፍጥነት አውርዱና ልቀቁት፤ እግር አሳርፎ እየነካኩ መውረድ ሸራውን ይጠብሳል። የሸተታችሁ እንደሆነ ዳር ይዛችሁ አቁሙና ጠብቁ፤ ውሃ አትርጩበት።

ወንድሜ፣ በሴራሚኩም በዲስኩም ገና ልንከራከር እንችላለን። ይሄኛውን አንቀጽ ግን ዛሬውኑ አውጣው። ለጥምቀት ጎንደር ሊወርድ መኪናውን እያሰናዳ ያለ ወጣት ጽሑፍህን አምኖ ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ማርሹን ነፃ እንዳያደርግ።